ታጥቦ የቀረበ እግር

በሆስፒታላችን መግቢያ፣ ጫማ አውልቀን ነጠላ ጫማ ከምናደርግበት መደርደሪያ በላይ፣ «ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር መልክ ነው» የሚል ጽሑፍ በወርቃማ ፊደል ተሰቅሏል። ከኋላው መብራት አለው። የጽዳት ሠራተኛዋ በየሰኞው መሰላል ላይ ወጥታ ትወለውለዋለች። በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንደዚያ የሚወለወል ሌላ የእግዚአብሔር መልክ አላየሁም።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ብጠራው ይከሱኛል፣ ባልጠራውም የሚያውቀው ያውቀዋል። የከሰል ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ ወጣት የሚባል በጠፋበት በአንድ የጋንግዎን ጠቅላይ ግዛት ከተማ ያለ የአረጋውያን ሆስፒታል ነው። ባለቤቱም ዋና ሐኪሙም ታክ ዮንግሁን ነው። በስም ካርዱ ላይ መጀመሪያ «የቤተክርስቲያን ሽማግሌ» ይላል፤ «ሐኪም» የሚለው ከሥሩ በትንሽ ፊደል ነው የተጻፈው። እውነቱን ነው፤ ሐኪምነቱ ትንሽ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ እዚህ ግን አንቱታዬን ለሚገባው ሰው ቆጥቤዋለሁ።

እኔ ሆ ቡንኦክ እባላለሁ። ቻይና፣ ያንቢያን ውስጥ ከኮሪያውያን ቤተሰብ ነው የተወለድኩት፤ እዚህ ኮሪያ ከመጣሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ማስታመም ነው። ክፍል 307 ውስጥ ስድስት ወንዶች አሉኝ። አበላቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ። የምተኛውም እዚያው፣ በአልጋዎቹ መካከል በምትዘረጋ ታጣፊ አልጋ ላይ ነው። እኛን አስታማሚዎችን «እሜቴ» ነው የሚሉን። «እሜቴ፣ 307 ሸተተ!» «እሜቴ፣ ምን ይጎተታሉ!» አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ስማችንን ላለመያዝ ነው።

ያ ጽሑፍ ውሸት ቢሆን ኖሮ አልናደድም ነበር። እውነት ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። እኔም አማኝ ነኝ። እናቴ፣ በእኛ አገር ቤተክርስቲያን በተዘጋበት ዘመን፣ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ዘመዶቹ የሸሹትን ጎረቤታችንን ገንፎ እያበላች አምስት ወር አስታማለች። ሰፈሩ «አብደሻል ወይ?» ሲላት «ሰው ነው» ትል ነበር። ሌላ ስብከት አልነበራትም። ታክ ዮንግሁን ግን ስለ ሰው ክብር አርባ ደቂቃ ይናገራል፤ ስክሪን ላይ የፀሐይ መውጫና የሕፃን እጅ እያሳየ።

በ307 የመስኮቱ ሥር አልጋ የአባባ ማ ቾንሱ ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍሩ ኖረዋል። ሳንባቸውን ከሰሉ፣ ደማቸውን ስኳሩ ወስዶታል። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ኡልሳን የሚኖር አንድ የወንድማቸው ልጅ በተጠሪነት ተመዝግቦ ነበር፤ ስልኩ ከሁለት ዓመት ወዲህ አይሠራም። እዚህ አገር ሆስፒታል የተኛ ሰው የሚናገረው በተጠሪው አፍ ነው። ሐኪሙ የሚያስረዳው ለተጠሪ ነው፣ የሚፈርመው ተጠሪ ነው፣ የሚቆጣውም ተጠሪ ነው። ተጠሪ የሌለው አፍ እያለው ዲዳ ነው።

አባባ ማ ግን ዲዳ ለመሆን አልተመቹም። የቤተክርስቲያኑ ሴቶች በየሳምንቱ ለጉብኝት ይመጣሉ፤ አልጋውን ከበው ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ያመጡትን ብርቱካን ራሳቸው ልጠው ይበላሉ። አንድ ቀን አንዷ እጃቸውን ይዛ፣

«አባባ፣ እርስዎ እኮ የእግዚአብሔር መልክ ነዎት» አለቻቸው።

«እኔ የእግዚአብሔር መልክ ከሆንኩማ እግዚአብሔር ስኳር አለበት ማለት ነው። ምነው አይታከም!»

ሴትዮዋ እጃቸውን ለቀቀች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ከአልጋው ሥር የወደቀ ነገር የማነሳ መስዬ አጎነበስኩ።

ማርች በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ እግራቸውን ሳጥብ የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ጠቁራ አገኘኋት። የተመታ ጣት አይደለም፤ የሞተ ጣት ነው። ጫን አደረግኳት።

«አባባ፣ ያምዎታል?»

«ምኑ?»

«ጣትዎ።»

«ጣት አለኝ እንዴ?» አሉ። ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ከበላው ቆይቷል።

ወዲያው ለዋና ነርሷ ለሲስተር ጉክ ሚዮን ነገርኳት። መጣችና በሩ ላይ ሆና አየች። ከበር ላይ ሆኖ ጣት የሚያይ ዓይን የተሰጣት ለእሷ ብቻ ነው።

«እግራቸው ትናንት ታይቷል» አለች፣ መዝገቧን እያገላበጠች። «ደህና ነው ተብሎ ተጽፏል።»

«ተጽፏል እንጂ አልታየም ሲስተር።»

«እሜቴ፣ እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ዳይፐሩን ይቀይሩ።»

ዓርብ ታክ ዮንግሁን አራት ሰው አስከትሎ ታማሚ ለመጎብኘት መጣ። የእሱ ጉብኝት እንዲህ ነው፦ እጅ ይይዛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በለሆሳስ ይጸልያል፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ዓይን ተጨፍኖ ምን በሽታ እንደሚታይ እሱና ፈጣሪው ይወቁት። አባባ ማ ጋ ሲደርስ ሳልጠየቅ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ።

«ዶክተር፣ ይህችን ጣት ይዩልኝ።»

አየ። ጎንበስ ብሎ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ በደንብ አየ። ሲቃና ፊቱ ላይ የእሑድ ፊቱን አምጥቶ ነበር።

«ምስኪን አባባችን» አለ፣ ለእሳቸው ሳይሆን ከኋላው ለቆሙት። «አያችሁ፣ በዚህ ዕድሜ ላይ መቁረጥ መቀጠል የሰውን ክብር መንካት ነው። የኛ ጥሪ ሰውን በክብር መሸኘት ነው። አይደለም?»

አራቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ክብሬ ደህና ነው ዶክተር» አሉ አባባ ማ። «እግሬ ነው የታመመው። ደግሞ ወዴት ነው የምትሸኙኝ? እኔ መንገድ አልተነሳሁም።»

ታክ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ወጣ። እንደዚያች ቀን ሰው ንቄ አላውቅም። አላዋቂ ቢሆን ይቅር እለው ነበር፤ ሐኪም ነው፣ ጥቁር ጣት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል። አውቆ ነው በሞት ፊት የሚሰበከውን ስብከት በሕይወት ባለ ሰው ላይ የከደነው።

ነገሩ የገባኝ ሲስተር ጉክ ኮሪደሩ ላይ ጎትታ ስትነግረኝ ነው።

«ሆስፒታሉን የሚመዝኑት የመንግሥት ገምጋሚዎች ከፋሲካ በኋላ ነው የሚመጡት» አለችኝ። «እኛ ጋ ተኝቶ እግሩ የበሰበሰ ሰው ሪፈር ተጽፎለት ትልቅ ሆስፒታል ከሄደ "እናንተ የት ነበራችሁ?" ነው የሚሉን። ፋሲካ ይለፍና ይታያል።»

«እግሩ ፋሲካን የሚጠብቅ ይመስልሻል?»

«እሜቴ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎ የሚታደሰው መቼ ነበር?»

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል። ደረቷ ላይ የብር መስቀል አለ፣ አፏ ውስጥ ደግሞ ይኼ። ዝም አልኩ። አስታማሚ እያቀረበ እኔን ለላከኝ ድርጅት አንድ ስልክ ከደወለች በማግስቱ ሌላ እሜቴ ትመጣለች፤ እኔም በስድሳ ሦስት ዓመቴ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሌላ በር ማንኳኳት ነው። ሽታው ሲጀምር የደረቀ አሪቲ ገዝቼ ከአልጋቸው ሥር አንጠለጠልኩ፤ መስኮቱንም በብርድ ከፍቼ የሌሎቹን አምስት ሰዎች እርግማን ተቀበልኩ። ሁለተኛዋ ጣት ጠቆረች፣ ቀጥሎ ሦስተኛዋ።

«አባባ፣ ምን ይሻላል?» አልኳቸው አንድ ቀን ገንፎ እያጎረስኳቸው።

«ይቁረጡታ!» አሉ። «እኛ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖት፣ እጁን እዚያው ጥለን ያወጣነው ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ሦስት ልጅ ወልዷል፣ በአንድ እጁ ካርታ እየደበቀ ሁላችንንም በልቶናል። እኔ ከሱ በምን አንሼ ነው?» የማንኪያውን ገንፎ ዋጡና «ለነገሩ መኖር የምፈልግ አልመስልም መሰለኝ። ፊቴ ነው ችግሩ» አሉ።

የሕማማት ሳምንት መጣ። በጸሎተ ሐሙስ ሆስፒታላችን ውስጥ ሕጽበተ እግር አለ። ሽማግሌው ታክ ዮንግሁን ፎጣ ታጥቆ የአሥራ ሁለት ታማሚዎችን እግር ያጥባል። ፓስተሩ ወንጌል ያነባል፣ የቤተክርስቲያኑ ሴቶች ረጅም የባህል ቀሚሳቸውን ለብሰው ይዘምራሉ፣ የቤተክርስቲያኑ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ይልካል። አሥራ ሁለቱን የምትመርጠው ሲስተር ጉክ ናት። ጌታ ዓሣ አጥማጁንም ቀራጩንም ሰብስቧል፤ የሲስተር ጉክ ሐዋርያት ግን ጥፍራቸው ያልወፈረ፣ እግራቸው ያልላጠ፣ የማይጮኹና የማይሳደቡ ናቸው። አባባ ማ በምንም መንገድ አያልፉም።

ሥርዓቱ በአራት ሰዓት በአዳራሹ ነው። እኛ አስታማሚዎች በሁለት ሰዓት ተሰብስበን ታዘዝን።

«የአሥራ ሁለቱም እግር በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ» አለች ሲስተር ጉክ። «በጣቶች መካከል እንዳትረሱ። ጥፍር ይቆረጥ። ቅባት ትንሽ፣ የዶክተርን እጅ እንዳያሟልጭ።»

«ሲስተር፣ ዶክተር የሚያጥቡት ታዲያ ምኑን ነው?» አልኩ።

«ሥርዓት ነው እሜቴ። ሥርዓት አይገባዎትም?»

ገባኝ እንጂ። ታጥቦ የቀረበውን እግር ሊያጥብ ነው። ተንበርክኬ የሦስት ሰው ተረከዝ በድንጋይ ፈገፈግኩ። 307 ተመልሼ ለአባባ ማ ስነግራቸው በሳል መካከል ሳቁ።

«እና ጴጥሮስንም ጠዋት በሁለት ሰዓት አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«እኔ ሳልሆን አልቀርም አባባ።»

ለአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀር አሥራ ሁለተኛው ሐዋርያ፣ ከ302 የመጡት ጡረተኛ መምህር፣ የቁርስ የባሕር ቅጠል ሾርባቸውን ደረታቸው ላይ አስታወኩ። ነጭ ሸሚዛቸው አረንጓዴ ሆነ። ሲስተር ጉክ ባለ ጎማ ወንበራቸውን ገፍታ ልታስወጣ ስትል ፓስተር ሶኑ ከመድረኩ ወረደ።

«አሥራ አንድ ቀሩ ማለት ነው?»

«አሥራ አንድ ቢሆኑ ምን ይላል ፓስተር? ማን ይቆጥራል?»

«መድረኩ ላይ የሰቀልነው ጨርቅ ላይ አሥራ ሁለት ተብሎ ታትሟል እኮ! አሥራ አንድ ከሆኑ ይሁዳ የወጣበት ነው የሚመስለው። ጌታ የይሁዳንም እግር አጥቧል። ይሁዳ አምጡልኝ!»

ሲስተር ጉክ ኮሪደሩ ላይ እየሮጠች ወጣች። እዚያ በሩ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ።

«እሜቴ! መቀመጥ የሚችል ሰው! ማንም ይሁን፣ ብቻ ንጹሕ! 307 ንጹሕ አለ?»

«አለ» አልኩ።

ይህን ስል ቀልቤ የት እንደነበር አላውቅም። መኖሪያ ፈቃዴን አላሰብኩም። 307 ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«አባባ፣ እግርዎን ሊያጥቡልዎት ነው። ይሄዳሉ?»

«ማን?»

«ታክ።»

ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ላይ ገለጡ።

«የቱን እግር?»

«ሁለቱንም ነው የሚያጥቡት።»

«በይ ግፊ» አሉ።

ሁለት ወፍራም የሱፍ ካልሲ አደረግኩላቸው፤ ጉልበታቸውንም በብርድ ልብስ ሸፈንኩ። አዳራሹ ስገባ መዝሙሩ ጀምሮ ስለነበር ሲስተር ጉክ ማንን እንዳመጣሁ ያየችው ወንበሩን ከመስመሩ ጫፍ ካቆምኩት በኋላ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። ፎቶ አንሺው ግን ማንሳት ጀምሯል፤ በካሜራ ፊት ሰው ገፍቶ ማስወጣት አይቻልም።

ታክ ዮንግሁን ወገቡ ላይ የታጠቀው ፎጣ ገና የሱቅ እጥፋቱ አልለቀቀም። ኮሌታው ላይ ማይክራፎን ሰክተውለታል፣ ሲጸልይ አዳራሹ እንዲሰማ። አንድ በአንድ ተንበረከከ። ካልሲ ያወልቃል፣ ሦስት እፍኝ ውኃ ያፈስሳል፣ ያብሳል፣ «እርስዎ የእግዚአብሔር መልክ ነዎት፣ እወድዎታለሁ» ይላል። ሦስተኛዋ ላይ እንባ አመጣ። ሴቶቹም አለቀሱ። ሰባተኛው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር እንባው ባከነ።

አሥራ ሁለተኛው ጋ ደረሰ። የአባባ ማን የቀኝ ካልሲ አወለቀ፤ አጠበ፣ አበሰ፣ «መልክ ነዎት» አለ። ወደ ግራው ዞሮ ካልሲውን እስከ ቁርጭምጭሚት ሲያወርደው እጁ ቀጥ አለ። ሽታው ደርሶታል። ካልሲውን ቀስ ብሎ ወደ ላይ መለሰው፣ ጎንበስ እንዳለም ወደ ሲስተር ጉክ ዞሮ አንሾካሾከ። ያንሾካሾከ የመሰለው ለእሱ ነው።

«ይሄን ማን አመጣው?» አለ ድምፅ ማጉያው፣ ከአዳራሹ አራት ማዕዘን። «ይሄ እኮ የተበላሸው ነው።»

ዘማሪዎቹ ዝም አሉ። ከኋላ የቀረች አንዲት ሴት ብቻ አንድ ስንኝ ለብቻዋ ዘመረችና እሷም አፏን ያዘች። ታክ ዮንግሁን ማይክራፎኑን በእጁ ሸፈነ፣ ገለጠ፣ «አሜን» ብሎ ለመነሳት አንድ ጉልበቱን አነሳ።

«ዶክተር፣ አንዱ ቀርቷል» አሉ አባባ ማ።

«አባባ፣ ይሄኛው ቁስል ስላለበት ውኃ አይስማማውም።»

«ቁስል እንዳለበት ያውቃሉ እንግዲህ።»

ይህም በድምፅ ማጉያ ተሰማ። አባባ ማ ጎንበስ ብለው ካልሲውን ራሳቸው ሳቡት። ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር አልለቅም አለ፤ ሕመሙ ስለማይሰማቸው መንጭቀው አወለቁት። ሦስት ጥቁር ጣቶች፣ እስከ እግራቸው መሐል የወጣ ቁስል። የሞተ ዓይጥ የሚመስል ሽታ አዳራሹን ሞላው። የቀሚሱ ሰፊ እጅጌ ምን እንደሚጠቅም ያኔ ነው ያየሁት፤ ዘማሪዎቹ ሁሉ አፍንጫቸውን ከተቱበት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ክብሬን ስትጠብቁልኝ ከረማችሁ» አሉ አባባ ማ። ሳል አቋረጣቸው። «አመሰግናለሁ። አሁን ክብሩን ለበሩ ላይ ጽሑፍ ስጡት። እኔን ቆራጭ ሐኪም ጋ ላኩኝ። አልሞትኩም። መኖር ነው የምፈልገው፤ ተጠሪ የለኝም፣ ራሴ ነኝ የምለው።»

አንድ ሰው ተነስቶ ሰውዬውን ያቅፋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከአርባ አማኝ አንድ አይጠፋም ብዬ። ፓስተር ሶኑ ወደ ዘማሪዎቹ ዞሮ «መዝሙር!» አለ፣ እነሱም በእጅጌያቸው ውስጥ ዘመሩ።

ሪፈሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተጻፈ። ሦስት ሳምንት ያልተገኘ እስክሪብቶ ፎቶ አንሺ ሲኖር እንዴት ቶሎ ይገኛል! ሲስተር ጉክ ፖስታውን ሰጠችኝ፤ አብሬ የምሄደው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የላቸውም።

«ከዚያው እንዳይመለሱ እሜቴ» አለችኝ። «ሻንጣዎን እናስልክልዎታለን።»

«ሆ ቡንኦክ እባላለሁ» አልኳት። ስሙን እንደማትይዘው እያወቅሁ ነው።

በአምቡላንስ ውስጥ ተንፈራጥጬ ተቀመጥኩ። ሥራዬን አጥቻለሁ፤ እኔ ግን የጠቅላይ ግዛቱን ሆስፒታል እስክንደርስ ድረስ ታክን ስሰድበው፣ ሲስተር ጉክን ስሰድባት፣ የዘማሪዎቹን እጅጌ ሳወራ ለአባባ ማ መንገዱ አጠረላቸው። ሳቁልኝ። የተሸነፉት እነሱ ናቸው፤ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር።

የጠቅላይ ግዛቱ ሆስፒታል ግድግዳ ላይ ምንም አልተጻፈም። መጠጥ የሚሸጥ ማሽንና የእሳት ማጥፊያ አለ። ቆራጯ ሐኪም ዶክተር ዮም የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት፤ ፀጉሯ ሁለት ቀን ያልታጠበ፣ አንድ ካልሲዋ ከሌላው የማይመሳሰል። ስለ ፈጣሪ ምን እንደምታስብ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። የታክን ደብዳቤ አነበበች። «ቁስሉ ትናንት የታየ» ይላል። ጓንት አድርጋ እግራቸውን በሁለት እጇ አንስታ ረጅም ጊዜ አየችው፤ አፍንጫዋን አልሸፈነችም። ከዚያ ወንበር ስባ በአባባ ማ ፊት ተቀመጠች፣ ዓይን ለዓይን።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?»

ሁለት ዓመት ያስታመምኳቸው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ መለሱ።

«መኖር» አሉ።

«እግሩ ከጉልበት በታች ይሄዳል። ልብዎ ጠንካራ ነው፣ የሚችሉት ይመስለኛል።»

«ይሂድ።»

ዶክተር ዮም ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ነዎት የሚያስታምሟቸው? ይሄ የትናንት አይደለም።»

አፌ ሞልቶ ነበር። የታክን ነገር፣ የገምጋሚዎቹን፣ የማይክራፎኑን፣ ሁሉንም ላወርደው ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ቀኑን ብቻ ነው።

«ማርች በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ ነው የጀመረው» አልኩ። «ሃያ ሦስት ቀኑ ነው።»

«በርግጠኝነት?»

«በርግጠኝነት። አንዲት ጣት ነበረች።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «በዚያ ሳምንት መጥተው ቢሆን ያቺን ጣት ብቻ ነበር የማወጣው» አለች። አልተቆጣችም፤ ለወረቀቱ የሚያስፈልግ ነገር እንደምትናገር ነው የተናገረችው። «ሌላ ያየ ሰው ነበር?»

እኔ ሳልመልስ አባባ ማ ክንዴን ያዙ።

«እሷን እንዳትወቅሻት ልጄ» አሉ ለሐኪሟ። «እዚያ ቤት ውስጥ እኔን ያየችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ከልባቸው ነው ያሉት። ክንዴን እንደያዙ ናቸው፣ እኔም ላስለቅቃቸው አልቻልኩም። ታክ ዮንግሁን ያቺን ጣት ያየው አንድ ዓርብ ነው። እኔ ጠዋትና ማታ ካልሲ አወልቅ ነበር።